ማውሱ ቀጥ ሲል፦ «ፎርማት አድርገው» የሚለው ምክር ሲመረመር

ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ እየሠራችሁ ሳለ ማውሱ በድንገት ቀጥ ይላል። ትገፉታላችሁ፣ አንስታችሁ ታስቀምጡታላችሁ፣ ቀስቷ ግን ንቅንቅ አትልም። አጥፍታችሁ ስታበሩት ደግሞ የሲስተም ፕሮግራም ላይ ችግር መገኘቱን የሚናገር የእንግሊዝኛ ሳጥን ብቅ ይላል። ትዘጉታላችሁ። በነጋታው ያው ሳጥን ተመልሶ ይመጣል። ኮምፒውተር ያውቃል ለምትሉት ሰው ስትነግሩት መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርገው!»

ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ያንን መልስ ነው። ፎርማት ማድረግ ፈጽሞ አያስፈልግም ልንል አይደለም። ችግሩ ምክሩ ከምርመራ በፊት መምጣቱ ነው። ሐኪም ቤት ገብታችሁ «አሞኛል» ከማለታችሁ ሐኪሙ ቢላ ቢያነሳ ትሸሻላችሁ አይደል? በኮምፒውተር ሲሆን ግን እሺ እንላለን።

ምክሩ ለሰጪው ነፃ ነው፤ ለተቀባዩ ግን ውድ ሊሆን ይችላል። ሐይቅ ከተማ፣ ወይም አምባሰል ወረዳ ውስጥ ውጫሌ ላይ የሚማር ልጅን አስቡ። ኡቡንቱ 24.04ን እንደገና ለማውረድ ብቻ ወደ 6 ጊጋ ባይት ይፈጃል፤ በሞባይል ጥቅል ሲሆን ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ደሴ ድረስ መሄድ የመኪና ሒሳብና የአንድ ቀን ጊዜ ይበላል። ከሁሉም በላይ ዲስኩ ላይ ያለው የዓመቱ ማስታወሻ፣ የተሰበሰበው የፈተና ጥያቄ፣ የቤተሰብ ፎቶ አብሮ ይጠፋል። ይህ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ማውሱ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሶ ቀጥ ሊል ይችላል። ለምን? የቆመው ምን እንደነበር ማንም አልጠየቀማ!

«ማውሱ ቆመ» ስንል ምን ቆመ ማለታችን ነው?

እጃችሁ ሲንቀሳቀስና ቀስቷ ስትንቀሳቀስ ለእኛ አንድ ነገር ይመስላል። በመካከል ግን ረጅም ቅብብሎሽ አለ። ማውሱ ሆድ ውስጥ ያለችው አነስተኛ ካሜራ የጠረጴዛውን ገጽ ደጋግማ ታነሳለች፤ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ተሰልቶ በዩኤስቢ ገመድ ይላካል። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል መልእክቱን ይቀበላል። ከርነሉ ለስክሪን አቀናባሪው ያስተላልፋል፤ ይህ አቀናባሪ መስኮቶችን የሚያደራጀው ክፍል ሲሆን በአሮጌው አሠራር ኤክስ፣ በአዲሱ ደግሞ ዌይላንድ የሚባለው ነው። በመጨረሻ የግራፊክስ ካርዱ ቀስቷን ስክሪኑ ላይ ያኖራታል። ከእነዚህ ተቀባባዮች አንዱ ቢያርፍ እናንተ የምታዩት ያው ነው፦ «ማውሱ ቀጥ አለ»።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ላስተካክለው?» ሳይሆን «የትኛው ነው የቆመው?» ነው። ለዚህ ሦስት መልኮችን ለዩ። አንደኛ፣ ቀስቷ ቆማለች፣ ኪቦርዱ ግን ይሠራል። እዚህ ላይ የሚጠረጠረው ማውሱ ራሱ፣ ገመዱ ወይም የዩኤስቢ መሰኪያው ነው። ሁለተኛ፣ ቀስቷ ትሄዳለች፣ ብትጫኑ ግን የሚሰማ የለም። ማውሱ ደህና ነው፤ የቆመው ፕሮግራሙ ወይም ዴስክቶፑ ነው። ሦስተኛ፣ ሁሉም ነገር ቆሟል፤ ሰዓቱም አይቆጥርም፣ ሙዚቃውም ተቋርጧል ወይም አንድ ድምፅ ይደጋግማል። እዚህ ጉዳዩ ከበድ ይላል፦ ከርነሉ፣ የግራፊክስ ካርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩ ወይም ሙቀቱ።

እዚህ ላይ በብዛት የሚሰማ አንድ ምክር መታረም አለበት። «ካፕስ ሎክን ተጫን፤ መብራቱ ካልበራ ከርነሉ ሞቷል» ይባላል። ትክክል አይደለም። ኤክስ ላይም ሆነ ዌይላንድ ላይ ስትሠሩ ያቺን መብራት የሚያዘው በአብዛኛው ስክሪን አቀናባሪው ነው። እሱ ከቆመ ከርነሉ በሕይወት እያለም መብራቷ ዝም ልትል ትችላለች። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጭኖ ወደ ጥቁሩ የጽሑፍ ገጽ መሻገርም እንዲሁ ነው። ከተሳካላችሁ ጥሩ ዜና ነው፤ ከርነሉ ደህና ነው፣ እዚያ ሆናችሁ የተጣበቀውን ፕሮግራም መዝጋት ትችላላችሁ። ካልተሳካ ግን «ሁሉም ሞቷል» ብላችሁ አትደምድሙ። በላፕቶፕ ላይ ካፕስ ሎክ ራሱ ብልጭ ድርግም እያለ ከቀጠለ ግን ያ ሌላ ምልክት ነው፤ ከርነሉ ራሱ መውደቁን ይናገራል።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ባለው ኤክስ ላይ ማውሱን የሚያዳምጠው ለብቻው የሚሮጥ ክፍል ነው። ስለዚህ ዴስክቶፑ ተጣብቆ ቀስቷ ብቻዋን ስትንሸራሸር ልታዩ ትችላላችሁ። ግኖም በዌይላንድ ላይ ሲሆን ግን ዴስክቶፑና አቀናባሪው አንድ አካል ናቸው፤ በቀደሙት የግኖም እትሞች ላይ እሱ ሲታፈን ቀስቷም አብራ ትቆም ነበር። የአንድ ኮምፒውተር ልምድ ለሌላው የማይሠራው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ለጓደኛችሁ ያዳነው መድኃኒት ለእናንተ ላይሆን ይችላል።

ለምን «ፎርማት» የሠራ ይመስለናል?

«ግን እኮ እኔ ፎርማት አድርጌው ዳነ!» የሚል ሰው ሁልጊዜ አይጠፋም። እንስማው፤ ነገር ግን ሒሳብ እንሥራ። ኮምፒውተራችሁ በአማካይ በ10 ቀን አንዴ፣ ቀኑ ሳይታወቅ በዘፈቀደ ቀጥ ይላል እንበል። ዛሬ ምንም ነገር ባትነኩት፣ ቀጣዮቹ 7 ቀናት በሰላም የማለፍ ዕድላቸው ምን ያህል ነው? 50 በመቶ ገደማ ነው። ማለትም ሳምንቱን ሙሉ «ዳነ» የምትሉት ነገር ሳንቲም ወርውሮ ዘውድ ከማግኘት አይበልጥም። ፎርማት ብታደርጉት፣ ገመዱን ብትነቅሉት፣ ወይም እጣን ብታጨሱበት ውጤቱ ያው ይመስላል።

ታዲያ መቼ ነው «ዳነ» ማለት የሚቻለው? ለ30 ቀን ሳይቆም ከቆየ፣ ያ በዕድል ብቻ የመሆን ነገር ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ቀላሉ መመሪያ ይህ ነው፦ በሁለት መቆም መካከል ያለውን አማካይ ጊዜ ያዙ፣ በሦስት አባዙት፣ እስከዚያ ድረስ ፍርድ አትስጡ። በቀን ሦስቴ የሚቆም ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን በሰላም ማለፉ ብዙ ይናገራል። በወር አንዴ የሚቆም ከሆነ ግን ሦስት ወር መጠበቅ ግድ ነው። በብዛት የሚሰጡት ምክሮች ይህንን ፈተና አያልፉም፤ ሰጪዎቹ በማግሥቱ «ሠርቷል» ብለው ጉዳዩን ይዘጋሉና።

ፎርማት የሚያታልልበት ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ የተጫነ ሲስተም ባዶ ነው፤ ብሮውዘሩ ብዙ ገጽ አልከፈተም፣ ዲስኩም አልሞላም። ለጊዜው ይፈጥናል። መንስኤው የሚሞት ዲስክ፣ የላላ ራም ወይም በአቧራ የታፈነ ማራገቢያ ከሆነ ግን ብዙ ሳይቆይ ይመለሳል። በዚያ ላይ ማስረጃው ጠፍቷል።

መልእክተኛውን ማባረር

ሁለተኛው የሚተች ልማድ ያልገባንን ትዕዛዝ ቀድቶ መለጠፍ ነው። ያ ሁልጊዜ የሚመለሰው የስህተት ሳጥን ጥሩ ምሳሌ ነው። ኡቡንቱ ላይ አፖርት የሚባል ፕሮግራም አለ። አንድ ፕሮግራም ሲወድቅ አፖርት የአወዳደቁን ሪፖርት ጽፎ «ክራሽ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያም ሳጥኑን ያሳያችኋል። ሪፖርቱ እዚያው እስካለ ድረስ ሳጥኑ በየጊዜው ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ያያችሁት ሳጥን የዛሬ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ያለፈው ሳምንት ወሬ ነው።

የተለመደው ምክር ሁለት ነው፦ ሪፖርቶቹን አጥፋ፣ አፖርትንም ዝጋው። ሳጥኑ በእርግጥ ይጠፋል። ግን የተባረረው መልእክተኛው ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል መጀመሪያ የፋይሎቹን ስምና ቀን ማየት ነው። ፋይሉ የወደቀውን ፕሮግራም ስም ይዟል። አንድ ያረጀ ሪፖርት ብቻ ካለ አጥፉትና እርሱት። ተመሳሳይ ስም ይዞ በየቀኑ አዲስ ሪፖርት የሚመጣ ከሆነ ግን ጥፋተኛውን አገኛችሁ ማለት ነው። ስሙ ከዴስክቶፑ ወይም ከግራፊክስ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ የማውሱ መቆምና የሳጥኑ መመላለስ የአንድ ችግር ሁለት ፊት ሊሆኑ ይችላሉ።

የበለጠ ዝርዝር የሚገኘው በሲስተሙ መዝገብ ውስጥ ነው። «ሎግስ» የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ፤ ከሌለ ጥቂት ሜጋ ባይት ነው፣ ይጫናል። ከላይ ያለውን ጊዜ ነክታችሁ ከመቆሙ በፊት የነበረውን ማስነሻ ምረጡ፣ ከዚያ አስፈላጊ የሚላቸውን ብቻ ተመልከቱ። የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ። ስለ ዲስክ የማንበብና የመጻፍ ስህተት የሚያወራ መስመር ካለ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ፋይላችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ስለ ራም ማለቅ የሚያወራ ካለ መንገዱ ሌላ ነው። ዩኤስቢ ተነቀለ፣ ተሰካ፣ ተነቀለ እያለ የሚደጋግም ከሆነ ደግሞ ገመዱን ወይም መሰኪያውን ቀይሩ።

መስመሩን ቃል በቃል መጻፍ ለምን አስፈለገ? የአምባሰል ልጅ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። በ1881 ዓ.ም. በዚያው በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ነገር ይናገር ነበር። አማርኛው ለምኒልክ ፈቃድ የሰጠውን ነገር ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። «እንዲህ የሚል ነገር ጽፎ ነበር» እያልን የምንናገረው የስህተት መልእክትም እንዲሁ ነው። አንድ ቃል ስትቀየር የሚገኘው መፍትሔም ይቀየራል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የሊኑክስ ሠሪዎችም ይጠየቁ

እስካሁን የተቸነው መካሪውን ነው። ነገር ግን ሁሉንም ጥፋት ተጠቃሚው ላይ መጫን አግባብ አይደለም። እዚህ ላይ በአገራችን የሆነ ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2008 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በሚለው ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭና አረንጓዴ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር። ኤክስኦ ይባላሉ፤ የሚሠሩትም በሊኑክስ ነበር። ራማቸው 256 ሜጋ ባይት ብቻ ሲሆን አቧራና ውሃ እንዲችሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው።

የእነዚህ ላፕቶፖች የታወቀ ድካም ግን የማውሱ መዳሰሻ ነበር። ቀስቷ ትዘላለች፣ ወደ ማዕዘን ትሮጣለች፣ ወይም አልታዘዝም ትላለች። መዳሰሻው የጣትን መኖር የሚያውቀው በጣም ትንሽ የኤሌክትሪክ ለውጥ ለክቶ ነው። ለመለካት ደግሞ «ጣት በሌለበት ምን ይመስላል?» የሚለውን ዜሮ ማወቅ አለበት። ዜሮውን ሲወስድ ጣት ላዩ ላይ ካለ፣ ወይም እጅ አልቦት ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ልኬት ሁሉ ይዛባል። ሚዛን ላይ ዕቃ አስቀምጦ «ዜሮ ነው» እንደማለት ነው። የተሰጠው መፍትሔ በኪቦርዱ አራት ማዕዘን ላይ ያሉትን አራት ቁልፎች አንድ ላይ መጫን፣ ጣትንም ከመዳሰሻው ማንሳት ነበር። ያኔ መዳሰሻው ዜሮውን እንደገና ይወስዳል።

መፍትሔው ይሠራ ነበር፤ ግን ለጥቂት ጊዜ። ችግሩ የተቃለለው በኋላ በተሠሩት ላይ መዳሰሻው ራሱ በሌላ ዓይነት ሲተካ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጊዜያዊ ማስታገሻ ነውር አይደለም፤ ማስታገሻ መሆኑ እስከታወቀ ድረስ። ሁለተኛ፣ ለልጆች ተብሎ በተሠራ ማሽን ላይ ስህተቱን የሚያስረዳ አንድ ግልጽ ዓረፍተ ነገር ስክሪኑ ላይ ቢወጣ ኖሮ ልጁ «ላፕቶፔ ተበላሸ» ብሎ ባላስቀመጠው ነበር።

የዛሬው ሊኑክስ ዴስክቶፕም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለም። ራም ሲያልቅ የሚሆነውን ተመልከቱ። በአገራችን ብዙ ተማሪ የሚጠቀመው ያገለገለ፣ 4 ጊጋ ባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ነው፤ ለኡቡንቱ 24.04 ዝቅተኛ ተብሎ የተቀመጠውም ይኸው 4 ነው። ብሮውዘር ላይ አሥርና አሥራ አምስት ገጽ ስትከፍቱ ራሙ ይሞላል። ሲስተሙ የተረፈውን ወደ ዲስክ ማመላለስ ይጀምራል። ራም በቢሊዮንኛ ሰከንድ መቶ ገደማ የሚመልሰውን፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሺኛ ሰከንድ አሥር ገደማ ይመልሳል፤ መቶ ሺህ ጊዜ ይዘገያል ማለት ነው። ቀስቷ ትንተፋተፋለች፣ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ ይበራል፣ ከዚያ ሁሉም ቀጥ ይላል። ኮምፒውተሩ አልሞተም፤ ተጨናንቋል። ስክሪኑ ላይ ግን «ራም አልቋል፣ አንድ ነገር ዝጋ» የሚል ማንም የለም።

ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ለዚህ መላ ተብሎ ራም ሲጨናነቅ ፕሮግራም የሚዘጋ ጠባቂ ገብቷል። መላው ጥሩ ነው፤ አነጋገሩ ግን የለም። ብዙ ሰው «ብሮውዘሬ ሳይጠይቀኝ ጠፋ» ብሎ ቅሬታ ያቀረበው ለዚህ ነው። ለእናንተ የሚሻለው ቀደም ብሎ ማየት ነው፤ «ሲስተም ሞኒተር»ን ከፍታችሁ ራሙ ሲሞላ ተመልከቱ። መንስኤው ይህ ከሆነ ፎርማት ምንም አይጠቅምም። ሉቡንቱን ወይም ዙቡንቱን የመሰለ ቀለል ያለ ዴስክቶፕ፣ ተጨማሪ ራም፣ ወይም ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየር ይጠቅማል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ መብራት ለመቆጠብ የገባው ፕሮግራም ነው። ፓወርቶፕን አስገብታችሁ ሁሉንም ቁጠባ አንዴ ካበራችሁት ማውሱንም ሊያስተኛው ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ለጥቂት ሰከንድ ሳትነኩት ስትቀሩ ይተኛል፣ ብትገፉት አይነቃም፣ አንዴ ስትጫኑት ይነቃል። ለማውሱ ብቻ ቁጠባውን አጥፉለት፤ አለቀ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ማውሱ ቀጥ ሲል የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ማፈን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፤ ራም ከሆነ ሊመለስ ይችላል። ካልተመለሰ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3ን ሞክሩ። እሱም ካልሆነ አልትና ፕሪንት ስክሪንን እንደያዛችሁ ኤስ፣ ዩ እና ቢን ሁለት ሁለት ሰከንድ እያረፋችሁ ተጫኑ። ኤስ ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ ይጽፋል፣ ዩ ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፣ ቢ ደግሞ እንደገና ያስነሳዋል። ኡቡንቱ እነዚህን ሦስቱን ከመጀመሪያው ፈቅዷቸዋል። መብራት በድንገት ሲሄድም ሆነ ቁልፉን ይዛችሁ ስታፍኑት፣ ኤክስት4 የተባለው የፋይል አሠራር የዲስኩን መዋቅር ለማዳን ይጥራል፤ ሴቭ ያላደረጋችሁትን ጽሑፍ ግን አያድንም።

ቀጥሎ ደብተር ያዙና አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀኑና ሰዓቱ፣ ምን ትሠሩ እንደነበር፣ ከሦስቱ መልኮች የትኛው እንደነበር፣ መዝገቡ ላይ የመጨረሻው መስመር፣ ያደረጋችሁት ለውጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ አድርጉ። ማውሱንም፣ ከርነሉንም፣ ራሙንም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ ቢድን እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አታውቁም። ከሁሉ በፊት ርካሹን ሞክሩ፦ ሌላ ማውስ፣ ሌላ መሰኪያ፣ የማራገቢያውን አቧራ መጥረግ። «ዲስክስ» በሚባለው ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ማየት ምንም አያስከፍልም፤ ሲነሳ ከሚመጣው ሜኑ ላይ ሜምቴስትን መርጦ ራሙን ሌሊቱን ማስፈተሽም እንዲሁ።

ፎርማት የሚገባበት ጊዜም አለ። ዲስኩ ሲቀየር፣ ማሻሻያ መሃል ላይ መብራት ሄዶ ሲስተሙ ለመጠገን ሲያስቸግር፣ ወይም ፋይሎቹ ሊድኑ በማይችሉበት ደረጃ ሲቀላቀሉ። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ፋይላችሁ ሌላ ቦታ ይገልበጥ።

በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው «ፎርማት አድርገው» ሲላችሁ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ «የቆመው ምንድን ነው? በምን አወቅህ?» መልስ ካለው ስሙት። ከሌለው ደብተራችሁን አሳዩት፤ አብራችሁ ብታነቡት እሱም የሚማረው አይጠፋም።